የተኮላሸ ውሻ ይጠብቃል ወይ?

በሬ ሲኮላሽ ምን እንደሚሆን የማያውቅ ገበሬ የለም። ኮርማ ይዋጋል፤ ላም ፍለጋ የጎረቤት መስክ ይሻገራል፤ ለቀንበር ያስቸግራል። ከተኮላሸ በኋላ ግን ረጋ ይላል። ጉልበቱ አብሮት ስላለ ያርሳል። በግና ፍየልም ሲኮላሹ ሙክት ይሆናሉ፤ ይሰባሉ፤ ዋጋ ያወጣሉ።

ስለ ውሻ ሲነሳ ግን ነገሩ ሌላ ነው። «ውሻ ደግሞ ይኮላሻል እንዴ? ከተኮላሸማ ሌሊት ማን ይጮሃል? ጅብ በረት ሲደርስ ዝም ብሎ ሊያይ ነው?» የሚል ሰው ብዙ ነው።

ጥያቄው ተገቢ ነው። በአምባ ጊዮርጊስ፣ በዳባትና በደባርቅ ደጋ ውሻ የጨዋታ እንስሳ አይደለም። ቤት ይጠብቃል። በጎችን ከቀበሮና ከጅብ ያድናል። እህል ሲደርስ ጭላዳውን ከገብሱ ያባርራል። እንዲህ ያለ ውሻ ከሥራው ቢጎድል የሚጎዳው ቤተሰቡ ነው። ስለዚህ ውሻ ሲኮላሽ ምን እንደሚለወጥና ምን እንደማይለወጥ አንድ በአንድ እንመልከት።

የዘር ፍሬ ሥራ

የወንድ ውሻ ፍሬዎች ሁለት ሥራ አላቸው። አንደኛው ዘር ማዘጋጀት ነው። ሁለተኛው በዓይን የማይታይ ቅመም መሥራት ነው። ይህን ቅመም ሐኪሞች ሆርሞን ይሉታል። ከደም ጋር በሰውነት ሁሉ ይዞራል፤ እስከ አንጎልም ይደርሳል። ውሻው ሴት እንዲፈልግ፣ ከሌላ ወንድ ጋር እንዲፎካከር፣ በየድንጋዩና በየአጥሩ ሥር እየሸና ምልክት እንዲያደርግ የሚገፋፋው ይኸው ቅመም ነው።

ውሻ ሲኮላሽ ሐኪሙ ማደንዘዣ ሰጥቶ ሁለቱንም ፍሬዎች ያወጣል። ከዚያ በኋላ ቅመሙ ከደም ውስጥ ቶሎ ይቀንሳል። ጠባዩ ግን በአንድ ሌሊት አይለወጥም። ለውጡ እስኪታይ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል። ደግሞም በዘር ቱቦው ውስጥ የቀረ ዘር ስለሚኖር ለጥቂት ሳምንታት ሊያስረግዝ ይችላል። ስለዚህ አንድ ወር ተኩል ያህል ከሴት ውሻ ማራቅ ይገባል።

ምን ይለወጣል?

ከሁሉ በላይ የሚለወጠው መዞሩ ነው። ሴት ውሻ አብዛኛውን ጊዜ በዓመት ሁለት ጊዜ ወንድ ትፈልጋለች። ሽታዋን ነፋስ ይዞት ይሄዳል። ያልተኮላሸው ውሻ ይህ ሽታ ሲደርሰው በረቱን ጥሎ ይሄዳል። ሁለት ሦስት ቀን ይጠፋል። ሲመለስ ጆሮው ተቦጭቆ፣ እግሩ እያነከሰ ነው። ታዲያ በነዚያ ሌሊቶች በጉን ማን ጠበቀው?

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1976 በአሜሪካ አገር የታተመ አንድ ጥናት 42 የተኮላሹ ውሾችን ተመልክቶ ነበር። ከዞሪዎቹ ውሾች መካከል ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል መዞርን ቀነሱ ወይም ተዉ። ከሌላ ወንድ ውሻ ጋር መጣላት ከአሥሩ በስድስቱ ያህል ቀነሰ። እየሸኑ ምልክት ማድረግ ደግሞ በግማሾቹ ቀነሰ። ለዓመታት መዞር የለመደ ውሻ ግን ከተኮላሸም በኋላ ልማዱን ላይተው ይችላል።

ሰውነቱም ይለወጣል። የተኮላሸ ውሻ የምግብ ፍላጎቱ ይጨምራል፤ ሰውነቱ የሚፈልገው ምግብ ግን ይቀንሳል። ስለዚህ ያለ ልክ ከበላ ይወፍራል፤ ውፍረት ደግሞ ለጠባቂ ውሻ አይበጅም። በሌላ በኩል የፍሬ ነቀርሳ አይዘውም። በእርጅና ጊዜ ከሚመጣው የእጢ እብጠትም ይድናል። ውሾች ሲገናኙ ከሚተላለፈው የብልት እባጭም የመዳን ዕድሉ ይሰፋል።

ገና ሳያድግ የተኮላሸ ውሻ አጥንቱ ከልኩ በላይ ይረዝማል። በትልልቅ ውሾች ላይ ይህ የመገጣጠሚያ ሕመም ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ ዕድሜውን ከሐኪሙ ጋር ተማክሮ መወሰን ያሻል።

ምን አይለወጥም?

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንመለስ። ጥበቃው ይቀራል ወይ? አይቀርም። ከላይ የጠቀስነው ጥናትም ውሾቹ ሠፈራቸውን መጠበቅ እንደተዉ አላሳየም።

ማስረጃ ፍለጋ ግን ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ሴት ውሻ የወንድ ፍሬ የላትም። ግን ትጠብቃለች፤ አይደለም ወይ? የወለደች ውሻ ያለችበትን ደጃፍ ማን ይደፍራል? ጥበቃ ከፍሬ ቢመጣ ኖሮ ሴት ውሻ ባልጠበቀች ነበር። ጥበቃ የሚመጣው ከዘሩ፣ ከአስተዳደጉና ቤቱን ከመውደዱ ነው። አባቶቻችንም ውሻ በበላበት ይጮሃል ብለዋል።

ፍርሃትም በመኮላሸት አይጠፋም። ፈርቶ የሚናከስ ውሻ ቢኮላሽም ሊናከስ ይችላል፤ እንዲያውም አንዳንዱ ፍርሃቱ ይብስበታል። ለዚህ መድኃኒቱ ከቡችላነት ጀምሮ በወጉ ማሳደግ ነው።

የዞሪ ውሻ ጣጣ

ውሻ ሲዞር የሚጎዳው ባለቤቱ ብቻ አይደለም። የእብድ ውሻ በሽታ ከውሻ ወደ ውሻ የሚሄደው በንክሻ ነው። ብዙ ወንዶች አንዲት ሴት ከበው ሲናከሱ አንዱ በሽተኛ ከሆነ ሌላውን ይበክላል። የተበከለው ወደ ቤቱ ሲመለስ ሕፃናትና ከብቶች ይጠብቁታል።

ከደባርቅ በላይ በሰሜን ተራሮች ደግሞ ቀይ ቀበሮ አለ። ይህ አውሬ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኝም። ያደጉት ቢቆጠሩ 500 ያህል ብቻ ናቸው። ዋና ምግቡ አይጥ ነው። በባሌ ተራሮች የእብድ ውሻ በሽታ ከውሾች ወደ ቀይ ቀበሮዎች ተጋብቶ ደጋግሞ ፈጅቷቸዋል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2003 በዌብ ሸለቆ ከነበሩት አብዛኞቹ አለቁ። በዚያው በባሌ ወንድ ውሾች ከሴት ቀይ ቀበሮዎች ጋር ተገናኝተው ዲቃላ ወልደዋል። ዘር የሚጠፋው በሞት ብቻ ሳይሆን በመደባለቅም ነው።

መኮላሸት ክትባት አይደለም

እዚህ ላይ ስሕተት እንዳይገባ። የተኮላሸ ውሻም በበሽተኛ ውሻ ከተነከሰ ያብዳል። ከዚህ የሚያድነው ክትባት ነው። በአንድ አካባቢ ከአሥሩ ውሾች ሰባቱ ከተከተቡ በሽታው መተላለፊያ ያጣል። ክትባቱ ሐኪሙ በሚያዘው ጊዜ መታደስ አለበት።

ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን ወደ ጤና ድርጅት ይሂድ። የባህል መድኃኒት ፍለጋ መዘግየት ነፍስ ያጠፋል። የበሽታው ምልክት ከታየ በኋላ የሚድን ሰው የለም ማለት ይቻላል።

ደግሞም ወንዶችን ብቻ ማኮላሸት የቡችላን ቁጥር አይቀንስም። አንድ ኮርማ ለመንደሩ ላሞች ሁሉ እንደሚበቃ፣ አንድ ያልተኮላሸ ውሻም ለሴቶቹ ሁሉ ይበቃል። ቡችላ እንዳይበዛ የታሰበ እንደሆነ ሴቶቹም በሐኪም መመከን አለባቸው።

እንዴት ይሠራ?

ውሻን በቤት ማኮላሸት አይገባም። በድንጋይ መቀጥቀጥ ወይም በቢላዋ መቁረጥ ጭካኔ ነው። ቁስሉ ያመረቅዛል፤ ውሻው በሕመም ሰው ይነክሳል። ሥራው የእንስሳት ሐኪም ነው። በወረዳው የእንስሳት ክሊኒክ የማይሠራ ከሆነ የት እንደሚሠራ ይጠይቁ። ከተሠራ በኋላ ውሻው ሁለት ሳምንት ያህል በደረቅና ንጹሕ ቦታ ይታሰር። ቁስሉን እንዳይልስ ይጠበቅ። መግል ከያዘ ወይም እብጠቱ ከባሰ ወደ ሐኪም ይወሰድ።

እንግዲህ ሁለቱን ነገሮች እንለይ። ሲኮላሽ የሚቀረው መንከራተቱ ነው፤ መጠበቁ አይቀርም። ሌሊት ከበረቱ አጠገብ የሚገኝ ውሻ ደግሞ ሦስት ቀበሌ ርቆ ከሚናከስ ውሻ ይሻላል።

እንወያይ

1. ከእናንተ ውሾች መካከል ሴት ፍለጋ የሚጠፋው የትኛው ነው? በጠፋበት ጊዜ ምን ጉዳት ደረሰ?

2. የተኮላሸ ውሻ ለምን ክትባት ያስፈልገዋል?

3. በመንደራችሁ ካሉት ውሾች ስንቱ ተከትበዋል? ቁጠሩና ከአሥሩ ሰባት መድረሱን ተመልከቱ።