ውሃው ማሳው ደርሷል? የእግር ጡንቻን ደም ያለ መርፌ የሚያሳይ ምርመራ

በ1831 እ.ኤ.አ. ቡሌ የተባለ ፈረንሳዊ የእንስሳት ሐኪም አንዲት ግራ የምታጋባ ባዝራ ገጠመችው። ባዝራይቱ ጋሪ ተጠምዳ ስትነሳ ደህና ናት። ጥቂት እንደሄደች ግን የኋላ እግሮቿ ይያዛሉ፣ ታነክሳለች፣ በመጨረሻም አልሄድም ትላለች። ሲያሳርፏት ምንም እንዳልነካት ሁሉ መንገዷን ትቀጥላለች። ምክንያቱ ወደ ኋላ እግሮቿ የሚወርዱት ዋና ዋና ደም ቅዳ ሥሮች መደፈናቸው ነበር። ከ27 ዓመት በኋላ፣ በ1858፣ ሻርኮ የተባለው ዝነኛ ፈረንሳዊ ሐኪም ይኸው ሕመም በሰውም ላይ እንደሚታይ ጻፈ።

የእግር ደም ቅዳ መጥበብ ዛሬም እንደዚያች ባዝራ ሕመም ነው፤ በእርምጃ ይመጣል፣ በዕረፍት ይሄዳል። ጀርመኖች “የሱቅ መስኮት በሽታ” ይሉታል። ታማሚው ባቱን ሲይዘው ሕመሙን ላለማሳየት በሱቅ መስኮት ዕቃ የሚያይ መስሎ ይቆማልና። በእኛም አገር ዳገት መሐል ቆሞ ሰላምታ የሚያስረዝም አረጋዊ ምናልባት የሚያሳርፈው ባቱን ይሆናል። በ2010 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ ከ200 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ይህ በሽታ እንደነበረባቸው ተገምቷል። ዋነኞቹ አጋላጮች ሲጋራና የስኳር በሽታ ናቸው፤ ዕድሜ፣ የደም ግፊትና የኮሌስትሮል መብዛት ይከተላሉ።

የሕመሙ ምሥጢር በጡንቻው ፍላጎት ላይ ነው። ያረፈ ጡንቻ ብዙ አይጠይቅም፤ ለ100 ግራም ጡንቻ በደቂቃ ጥቂት ሚሊ ሊትር ደም ይበቃዋል። በርትቶ ሲሠራ ግን ከአሥር እጥፍ በላይ ይፈልጋል። በስብና በካልሲየም የጠበበ ሥር ለተቀመጠ ሰው የሚበቃውን ያህል ያሳልፋል፤ ዳገት ለሚወጣው ግን አያደርስም። ያን ጊዜ ጡንቻው ኦክስጅን ያጥረዋል፣ ባትም ይጮኻል።

የቁርጭምጭሚቱ ቁጥር

የተለመደው ምርመራ ቀላልም ጥሩም ነው። ታማሚው በጀርባው ይተኛል። የክንዱና የቁርጭምጭሚቱ የደም ግፊት በግፊት መለኪያ ጨርቅና በእጅ በሚያዝ ትንሽ የዶፕለር መሣሪያ ይለካል፤ ከዚያ የቁርጭምጭሚቱ ለክንዱ ይካፈላል። ክንዱ 140፣ ቁርጭምጭሚቱ 84 ቢሆን ውጤቱ 0.60 ነው። ከ1.00 እስከ 1.40 ያለው ጤናማ ሲሆን፣ 0.90ና ከዚያ በታች የመጥበብ ምልክት ነው።

ይህ ቁጥር የብዙ ሰው እግርና ሕይወት አትርፏል፤ እግሩ ላይ ደም ቅዳው የጠበበ ሰው ልቡና አንጎሉም ለአደጋ የተጋለጡ ናቸውና። ሆኖም ሁለት ነገሮች ያመልጡታል። አንደኛ፣ ስኳር ወይም የኩላሊት ሕመም ለዓመታት የቆየበት ሰው ሥሮቹ ካልሲየም ቋጥረው ይደድራሉ። ጨርቁ ሊጨቁናቸው ስለማይችል ቁጥሩ ከ1.40 በላይ ይወጣል፣ የታመመው እግርም ደህና ይመስላል። ሁለተኛ፣ ቁጥራቸው አንድ የሆነ ሁለት ታማሚዎች አንዱ ገበያ ደርሶ ሲመለስ፣ ሌላው ከደጃፉ ሳይርቅ ይቆማል።

በመስኖ የሚያርስ ገበሬ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ቦዩ ራስ ላይ ቆሞ የውሃውን ግፊት ማየት አንድ ነገር ነው፤ ታች ያለው ማሳ መርጠቡ ሌላ። ዋናው ቦይ በደለል ቢሞላም በጎን የተቀደዱ ትናንሽ ቦዮች ማሳውን ሊያጠጡት ይችላሉ። ቦዩ ተጠርጎም ውሃው ከትልም ትልም የማይዳረስበት ጊዜ አለ። እግርም እንዲሁ ነው። ሰውነት በተደፈነው ሥር ዙሪያ አዳዲስ መተላለፊያዎችን ያሰፋል፤ በአንጻሩ ትልቁ ሥር ተከፍቶ እንኳ በጡንቻው ውስጥ ያሉት ከፀጉር የቀጠኑ ሥሮች ከተጎዱ ደሙ አይዳረስም። ቁርጭምጭሚት ላይ የሚለካው የቦዩ ግፊት ነው። ተመራማሪዎች የፈለጉት ማሳውን ማየት ነበር።

ደሙ ራሱ ምልክት ሲሆን

ይህን ካስቻሉት መንገዶች ዋነኛው በኤም አር አይ የሚሠራው አርቴሪያል ስፒን ሌበሊንግ ነው። በ1992 እ.ኤ.አ. ጆን ዴትር፣ አላን ኮሬትስኪና ባልደረቦቻቸው በአይጥ አንጎል ላይ አሳዩት፤ በኋላ ወደ እግርም ወረደ።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። የደማችን ትልቁ ክፍል ውሃ ነው፤ በውሃ ውስጥ ያለው የእያንዳንዱ ሃይድሮጂን እምብርት ደግሞ እንደ ረቂቅ ማግኔት ነው። መሣሪያው በሬዲዮ ሞገድ ወደ ባት በሚወርደው ደም ውስጥ ያሉትን እነዚህን ማግኔቶች ይገለብጣቸዋል። የተገለበጡት ምልክት ሆኑ ማለት ነው። ደሙ ጡንቻው ውስጥ ሲገባ ምስል ይነሳል፤ ከዚያም ደሙ ምልክት ሳይደረግበት ሁለተኛ ምስል ይነሳል። አንዱ ከሌላው ሲቀነስ ባለበት የቆመው ሁሉ፣ አጥንቱም ስቡም ጡንቻውም፣ ይጣፋና በዚያች ቅጽበት የገባው ደም ብቻ ይቀራል። በመርፌ የሚገባ ነገር የለም፤ ጨረርም የለም። ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። በሲቲ ምርመራ የሚሰጠው አዮዲን ያለበት መድኃኒት ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል፤ ከ2006 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ በኤም አር አይ የሚሰጠው ጋዶሊኒየም የኩላሊት ታማሚዎችን ቆዳ ከሚያደድር ከባድ ሕመም ጋር እንደሚያያዝ ታውቋል።

ችግሩ ምልክቱ አላፊ መሆኑ ነው። በአንድ ሁለት ሴኮንድ ውስጥ ይደበዝዛል፤ በሁለቱ ምስሎች መካከል ያለው ልዩነትም ከመቶ አንድ ገደማ ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። ያረፈ ጡንቻ ደግሞ የሚያስገባው ደም ትንሽ ስለሆነ ምስሉ ጭልጭል ይላል። ስለዚህ ጡንቻው መፈተን አለበት። አንዳንዱ ምርመራ ታማሚው ማሽኑ ውስጥ ተኝቶ በእግሩ ፔዳል እንዲገፋ ያደርጋል። ሌላው ታፋው ላይ የግፊት ጨርቅ አስሮ የእግሩን ደም ለአምስት ደቂቃ ያህል ያግዳል፣ ከዚያ በአንዴ ይለቃል።

ጨርቁ ሲለቀቅ የሚሆነው ግድቡ የተከፈተለትን ማሳ ይመስላል። ደም የተጠማው ጡንቻ በጎርፍ ይሞላል፤ መሣሪያውም በየጥቂቱ ሴኮንድ ምስል እያነሳ ጎርፉን ይከተለዋል። በጤናማ እግር ፍሰቱ ፈጥኖ ከፍታው ላይ ይደርሳል። በታመመው እግር ግን እየተጎተተ ይመጣል። በ2009 እ.ኤ.አ. የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት በሽታው በበረታ ቁጥር ፍሰቱ ከፍታው ላይ ለመድረስ የሚወስደው ጊዜ እየረዘመ መሄዱ ታይቷል።

ደም መድረሱ ግን ግማሹ ታሪክ ነው፤ ጡንቻው ኦክስጅኑን ተጠቅሞበታል ወይ? በ1936 እ.ኤ.አ. ላይነስ ፖሊንግና ቻርልስ ኮርየል ኦክስጅን የተሸከመ ሄሞግሎቢን በማግኔት እንደማይሳብ፣ ኦክስጅኑን ያራገፈው ግን እንደሚሳብ አገኙ። ሴጂ ኦጋዋ በ1990 ይህን ልዩነት በኤም አር አይ ምስል ላይ አወጣው። ዛሬ በአንጎል ምርምር የታወቀው ይኸው ዘዴ ባት ውስጥ ኦክስጅን ሲጎድልና ሲመለስ ያሳያል። ከዚህ በጣም የቀለለም አለ፤ ቆዳ ላይ ተለጥፎ ከቀይ ብርሃን ባሻገር ያለውን፣ ዓይን የማያየውን ብርሃን ወደ ጡንቻው የሚልክ መሣሪያ። የሄሞግሎቢኑን ኦክስጅን በብርሃኑ መመጠጥ ይለካል፤ ታማሚው እየተራመደም ሊሠራ ይችላል። ነገር ግን ጥልቀቱ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ነው፣ ከቆዳ በታች ያለ ስብም ይጋርደዋል።

ምን ይጠቅማል?

ለዚህ በሽታ ከሚታዘዙት ፍቱን ሕክምናዎች አንዱ መራመድ ነው። ታማሚው በባለሙያ ክትትል ሕመሙ እስኪጠና ይራመዳል፣ ያርፋል፣ እንደገና ይራመዳል፤ በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ ቢያንስ ለ12 ሳምንት። ብዙዎች የሚሄዱት ርቀት በግልጽ ይጨምራል። የሚገርመው የቁርጭምጭሚቱ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ እምብዛም አለመለወጡ ነው። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው “ምንም አልተሻለህም” ሊል ይችላል፤ ታማሚው ግን በእግሩ ያውቀዋል። ለውጡ ያለው ማሳው ውስጥ ነውና። ጡንቻውን በቀጥታ የሚያሳይ ምርመራ የታማሚውን ቃል የሚያረጋግጥ ምስክር ይሆናል፤ አዲስ መድኃኒት የሚሞክሩ ሰዎችም ሥራቸው ጡንቻው መድረስ አለመድረሱን የሚያዩበት መንገድ ያገኛሉ።

የኤም አር አይ ምርመራው ገና በአብዛኛው በጥናት ማዕከላት የሚሠራ ነው። ማሽኑ ውድ ነው፣ ሥራው ጊዜ ይወስዳል፣ እግር ትንሽ ከተነቃነቀ ምስሉ ይበላሻል። በሰውነቱ ውስጥ የጥይት ፍንጣሪ የቀረበት ወይም የልብ ምት ማስተካከያ የተገጠመለት ሰው አስቀድሞ መናገር አለበት። ኤም አር አይ በትልልቅ ከተሞች ብቻ በሚገኝበት አገር ደግሞ ይህ ምርመራ ነገ ጤና ጣቢያ ይደርሳል ማለት አይቻልም።

ያስተማረን ነገር ግን ዛሬውኑ ይደርሳል። የታማሚው እርምጃ ራሱ መለኪያ ነው። ስለዚህ አባትዎ ወይም እናትዎ እግራቸውን ሲያማቸው “እርጅና ነው” ብለው አይለፉት። ስንት ሄደው እንደሚቆሙ፣ የቱን እንደሚይዛቸው፣ ቆመው ሲያርፉ ይለቃቸው እንደሆነ ይጠይቋቸው። ባታቸውን ይዞ በጥቂት ደቂቃ ዕረፍት የሚለቃቸው ከሆነ ለሐኪም ይንገሩ፤ እግራቸው ላይ የማይድን ቁስል ካለ ወይም ጣታቸው ከጠቆረ ቀን አይቁጠሩ። ሐኪሙ የእግራቸውን ትርታ በጣቶቹ ይዳስሳል፣ የግፊት ጨርቁን ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ያስራል። የባዝራይቱን ሕመም ለማግኘት የመጀመሪያው ሥራ መቼ እንደምትቆም ማስተዋል ነበር።