የሥዕል ትምህርት ለማንቡክ ልጆች ምን ይፈይዳል?

ማንቡክ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ በመተከል ዞን፣ የዳንጉር ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከግልገል በለስ ተነሥቶ ወደ ጉባ፣ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ወደተመረቀው የዓባይ ግድብ የሚወስደው መንገድ በእርሷ በኩል ያልፋል። በእንዲህ ያለች የወረዳ ከተማ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሥዕል ትምህርት ይሰጥ ቢባል ከወላጆች ሁለት ጥያቄዎች መነሣታቸው አይቀርም። አንዱ «በዲናችን ይፈቀዳልን?» ሲሆን ሌላው «እንጀራ ይሆናልን?» የሚል ነው። ሁለቱም ተገቢ ስለሆኑ በየተራ እንመልከታቸው።

ነፍስ ያላቸውን ፍጡራን መሳልን በተመለከተ ብርቱ ማስጠንቀቂያ የያዙ ሐዲሶች መኖራቸው የታወቀ ነው። ዑለማኦች በዝርዝሩ ላይ የተለያየ አስተያየት ቢኖራቸውም ጥያቄ የማይነሣበት ሰፊ መስክ አለ። በሥዕል ይተዳደር የነበረ አንድ ሰው ኢብኑ ዐባስን (ረ.ዐ.) በጠየቃቸው ጊዜ፣ መሥራቱ ግድ ከሆነበት ዛፍንና ነፍስ የሌለውን ነገር እንዲስል እንደመከሩት በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። እንግዲህ ተራራው፣ ወንዙ፣ ዛፉ፣ ቤቱ፣ የፊደል ቅርጽና የጂኦሜትሪ ጌጥ ለተማሪው ክፍት ናቸው። ልጁ ሥዕል ወደደ ብሎ ደብተሩን ከመቅደድ ይህንን መስክ ማሳየቱ ይበጃል።

ከጎረቤታችን ከሱዳን አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ሠዓሊው ኢብራሂም አል-ሳላሒ እ.ኤ.አ. በ1930 በኡምዱርማን ተወለዱ። መጻፍንና ሎሕን በቀለም ማስጌጥን የተማሩት አባታቸው በሚያስተምሩበት የቁርኣን ትምህርት ቤት ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1954 እስከ 1957 ለንደን ውስጥ በስሌድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተምረው ሲመለሱ ካርቱም ላይ ሥዕሎቻቸውን አሳዩ። የአገራቸው ሰው ግን ሥራውን የእኔ ብሎ አልተቀበለውም። እርሳቸውም አገሩን እየዞሩ ሰው በየቤቱ የሚሰቅለውን የዐረብኛ ጽሑፍና የእጅ ሥራ ጌጥ ማጥናት ጀመሩ። ኋላ ያስከበራቸው ሥራ የተገኘው ከዚህ ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የለንደኑ ቴት ሞደርን ሥራዎቻቸውን ሰብስቦ ለሕዝብ አሳይቷል።

ማንቡክም ቢሆን ከዜሮ አትጀምርም። ክልሉ በሽመል ሀብቱ የታወቀ ነው። የአጥሩ ፍርግርግ፣ የሰፌዱ ስፌት፣ የቅሉና የሸክላው ጌጥ ለትምህርት የሚሆኑ ናቸው። ለመጀመሪያ ትምህርት አንድ ሽመል ከፀሐይ ፊት አቁሞ አንጓውንና ጥላውን በከሰል መሳል ይበቃል። ቀጥሎ ኮምፓስ ይምጣ። ተማሪው ክብ ይሥራ፤ የኮምፓሱን ስፋት ሳይለውጥ በክቡ ዙሪያ ላይ ምልክት እያደረገ ይሂድ። በስድስተኛው ምልክት ወደተነሣበት ይመለሳል። ከእያንዳንዱ ምልክት ላይ በዚያው ስፋት ክብ ሲሠራ መካከሉ ላይ ባለ ስድስት ቅጠል አበባ ይወጣል። በመስጊዶች ግድግዳ ላይ የምናያቸው ብዙ ጌጦች የሚነሡት ከዚህች ክብ ነው። የሂሳብ መምህሩም በዚህ ይደሰታል።

ወደ እንጀራው ጥያቄ ስንመለስ፣ የተማረ ሁሉ ሠዓሊ አይሆንም። ዳሩ ግን የማስታወቂያ ሰሌዳ ጸሐፊው፣ ልብስ ሰፊው፣ አናጢውና የሕንፃ ንድፍ የሚያወጣው ሁሉ መስመር የለመደ እጅ ይፈልጋሉ። ከፍ ላለ ትምህርትም ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. የመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ይገኛል። እጁን ቀድሞ ያላፍታታ የገጠር ልጅ ግን እዚያ ለመድረስ ይቸገራል።

ሌላም ጉዳይ አለ። በ2013 ዓ.ም. በመተከል የደረሰው ግጭት ብዙ ቤተሰብ አፈናቅሏል፤ ትምህርትም አቋርጧል። የጉሙዝ፣ የሺናሻ፣ የአገው፣ የአማራና የኦሮሞ ልጆች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው የየቤታቸውን ጌጥ ቢያሳዩ፣ አንዱ የሌላውን ቤት በደንብ ያውቃል።

ለዚህ ሁሉ ትልቅ በጀት አያስፈልግም። በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ የሚሰበሰብ ክበብ፣ ፈቃደኛ መምህር፣ ከሰል፣ ወረቀትና ጥቂት ኮምፓስ ይበቃሉ። እጀ ጽሑፋቸው የሚያምር ኡስታዝ ቢጋበዙ ደግሞ የዐረብኛውን አጻጻፍ ያሳያሉ። ሴቶች ልጆችም ከስፌት ሙያቸው ጋር ይምጡ። በወሰነ ትምህርቱ መጨረሻ ሥራው በክፍሉ ግድግዳ ላይ ይሰቀልና ወላጆች ይጠሩ። «ይፈይዳልን?» ብለው የጠየቁ እናትና አባት ኢንሻአላህ ያን ዕለት በዓይናቸው አይተው ይፍረዱ።