ሽፍ የሚያደርገው ምላጩ ነው? ስለ ጺም መላጨት ተረትና እውነታ

አገጩ ላይ ጥቂት ጸጉር ብቅ ያለለት ጎረምሳ ምላጭ ሲያነሳ ቤተሰቡ የሚለው ይታወቃል፦ «ተው፣ አንዴ ከነካኸው እየጠነከረ ነው የሚሄደው።» ሌላው ደግሞ ጺሙ ቶሎ እንዲሞላለት ብሎ በየቀኑ ይላጫል። ከልካዩም ላጪውም የሚያምኑት አንድ ነገር ነው፤ እሱም ልክ አይደለም። የጸጉር ሕያው ክፍል ከቆዳ በታች ያለው ሥሩ ነው። ከቆዳ በላይ የምናየው ሕይወት ስለሌለው፣ ቢቆረጥ ባይቆረጥ ሥሩ የሚያውቀው ነገር የለም። አሜሪካዊቷ የአናቶሚ ተመራማሪ ሚልድረድ ትሮተር እ.ኤ.አ. በ1928 ባሳተመችው ጥናት፣ መላጨት የጺምን ውፍረትም ሆነ የዕድገት ፍጥነት እንደማይለውጥ አሳይታለች። የሚያታልለን ጣታችን ነው። ያልተነካ ጸጉር ጫፉ እየቀጠነ ያልቃል፤ የተላጨው ግን ከወፍራም ወገቡ ስለተቆረጠ ደንደን ያለ ጫፍ ይዞ ብቅ ይላል፣ ስንዳብሰው ይሻክራል። የጎረምሳው ጺም ደግሞ ተላጨም አልተላጨም በዕድሜው ምክንያት መጠንከሩ አይቀርም።

ሌላው እምነት ግን ብዙ ሰው ከሚጠቅመው መሣሪያ እንዲርቅ ስላደረገ ያሳዝነኛል። አንድ ምላጭ ብቻ የሚጎርሰው የብረት መላጫ «ፊት ይተለትላል» ይባላል። ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ መገመት አይከብድም። ጸጉር ቤት የምናየው ምላጭ ለሁለት ተሰብሮ እጀታ ላይ የተሰካ፣ ስለቱ ያለምንም መከለያ የወጣ ነው፤ እሱ በእርግጥ የባለሙያ እጅ ይፈልጋል። በብረቱ መላጫ ግን ምላጩ ከክዳኑና ከመደቡ መካከል ጎበጥ ብሎ ይታሰራል፤ በሁለቱም በኩል ብቅ የሚለው በጣም ጠባብ የስለት ጠርዝ ብቻ ነው፤ ከሥሩ ያለው መከለያም ቆዳው ወደ ስለቱ ገፍቶ እንዳይገባ ይይዘዋል። አሜሪካዊው ኪንግ ካምፕ ጂሌት ከኢንጂነሩ ዊልያም ኒከርሰን ጋር ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1904 የፈጠራ ባለቤትነት ያስመዘገበው ይህንኑ ነው፤ ማንም ሰው ሞረድ ሳያስፈልገው፣ ቤቱ ሆኖ፣ ሲዶለዱም በሚጣል ቀጭን ምላጭ እንዲላጭ። እርሳስ ስንቀርጽበትና ክር ስንቆርጥበት ያደግነው የሰፈር ሱቅ ባለ ሁለት ስለት ምላጭ ዛሬም ለዚሁ መላጫ የሚሆን ነው።

ታዲያ ሰው ለምን ይቆረጣል? ስለሚጫን ነው። በቀላል የፕላስቲክ መላጫ የለመደ እጅ መጫን ይቀናዋል፤ ብረቱ ግን የራሱ ክብደት ይበቃዋል። ለጀማሪ የሚበጀው ክዳኑን ጉንጭ ላይ አሳርፎ፣ ስለቱ ጸጉሩን መንካት እስኪጀምር ድረስ እጀታውን ቀስ እያሉ ዝቅ ማድረግ ነው፤ ምላጩና ቆዳው ያን ጊዜ የሚፈጥሩት ማዕዘን ወደ 30 ዲግሪ ይጠጋል። ከዚያ በአጭር በአጭሩ መሳብ፣ ወዲህ ወዲያ አለማመላለስ፣ ያልተላጨ ቦታ ቢቀር አረፋ ሳይጨምሩ አለመድገም ያስፈልጋል። ከመታጠቢያ ቤት ሮጦ ለመውጣት ላሰበ ሰው ይህ መላጫ አይሆንም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። «ስለቱ በበዛ ቁጥር መላጫው ይሻላል» የሚለው አባባል፣ ጺሙ የተጠቀለለ ሰው ላይ ሲደርስ ተገላቢጦሽ ነው። ሁለት ስለት ጎን ለጎን ያለው መላጫ እ.ኤ.አ. በ1971 ገበያ ላይ ከዋለ ወዲህ ስለቶቹ ሦስት፣ አምስት እየሆኑ መጥተዋል። የመጀመሪያው ስለት ጸጉሩን ይዞ ሳብ ያደርገዋል፤ ተከታዩ፣ ጸጉሩ ተመልሶ ሳይሰበሰብ፣ ዝቅ ብሎ ይቆርጠዋል። በዚህ ምክንያት የቀረው ጸጉር ከቆዳ በታች ይሸሸጋል። ቀጥ ላለ ጺም ችግር የለውም፣ በመጣበት ይወጣል። የእኛ የብዙዎቻችን ጺም ግን ከሥሩ ጀምሮ ጎባጣ ነው። የሾለው ጫፍ መውጫውን ስቶ እዚያው ቆዳው ውስጥ ይወጋል፣ ወይም ወጥቶ ይታጠፍና ተመልሶ ይገባል። ሰውነት እንደ ባዕድ ነገር ቆጥሮ ይዋጋዋል፤ አንገትና መንጋጋ ሽፍ ይላል፣ ያብጣል፣ ሲቆይም ይጠቁራል። ብዙ ሰው ይህን የምላጩ ቆሻሻ ወይም የሳሙናው አለመስማማት ያመጣው ብጉር ነው ብሎ በአልኮል ያቃጥለዋል፤ የተቆጣው ቆዳ የባሰ ይቆጣል።

ነጠላ ምላጭ የሚረዳው እዚህ ላይ ነው፤ ጸጉሩን ከቆዳው ወለል ጋር እኩል አድርጎ ይተወዋል። ግን በአግባቡ ከያዙት ብቻ ነው። ቆዳን በጣት ጎትቶ መወጠርና ጺሙ ከበቀለበት አቅጣጫ በተቃራኒ መላጨት ያንኑ ከቆዳ በታች የመቁረጥ ችግር ይመልሰዋል። አቅጣጫውን ለማወቅ ሁለት ቀን ያደገ ጺም በጣት መዳበስ ይበቃል፤ አንገት ላይ ወደ ጎን ወይም ወደ ላይ የሚያድግበት ሰው ብዙ ነው። ተላጭተው ሲጨርሱ እጅ ላይ ትንሽ ሻከር ካለ ተሳክቷል ማለት ነው። የሕፃን ጉንጭ የመሰለ ልስላሴ ፍለጋ ነው ሽፍታውን የሚያመጣው። ይህን ሁሉ አድርጎም የሚብስበት፣ በተለይ ጠባሳው የሚያብጥበት ሰው፣ ምላጭ ትቶ ጸጉሩን 1 ሚሊ ሜትር ያህል በሚያስቀር ማሽን ቢያሳጥርና የቆዳ ሐኪም ቢያማክር ይሻለዋል። በመርፌ መቆፈር ግን ለማንም አይበጅም።

ሙቅ ውሃ የቆዳን ቀዳዳ «ይከፍታል»፣ ቀዝቃዛው «ይዘጋል» ይባላል። ቀዳዳዎቹ የሚከፍታቸውም የሚዘጋቸውም ጡንቻ የላቸውም። የውሃው ጥቅም ሌላ ነው፤ ደረቅ ጺም ሁለት ሦስት ደቂቃ ሲረጥብ ውሃ ጠጥቶ ይለሰልሳል። አረፋውም ውሃውን ይዞ እንዲቆይና ስለቱን እንዲያንሸራትት ነው የሚቀባው።

«ጸጉር እንዴት ብረት ያዶለዱማል?» ብሎ አንድ ምላጭ ለወር የሚጠቀምም አለ። የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 በማይክሮስኮፕ ያዩት፣ ከብረቱ 50 ጊዜ ያህል የሚለሰልስ ጸጉር ሲታጠፍ የስለቱን ጠርዝ እየሸረፈው ነው። ምላጭ ጸጉሩን መጎተት ከጀመረ ጊዜው አልፏል፤ ለብዙ ሰው ይህ ከሦስት እስከ አምስት ጊዜ ከተላጨ በኋላ ይመጣል።

የመጨረሻው እምነት ከሁሉም አደገኛው ነው፦ «በአልኮል ከተጠረገ ወንድማማች ቢጋራው ምን አለበት?» አለበት። ለዓይን የማትታይ ጭረት ደም ታስቀራለች። ስለ ኤች አይ ቪ ብዙ ሰምተናል፤ ስለ ጉበት ቫይረስ ቢ ግን የሚነገረው ጥቂት ነው፤ እሱ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ ለ7 ቀን የመበከል አቅሙን ይዞ ይቆያል። እላይ እላዩን መጥረግ አምክኖ ማጽዳት አይደለም። ጸጉር ቤትም አዲስ ምላጭ ፊትዎ ከወረቀቱ እንዲወጣ መጠየቅ ነውር የለውም። ያገለገለውን በፌስታል ከቆሻሻ ጋር መጣልም የሰፈሩን ቆሻሻ ሰብሳቢ እጅ ያስቆርጣል፤ ባዶ የወተት ቆርቆሮ ክዳኑን ሰንጥቆ ምላጩን እዚያ ማጠራቀም፣ ሲሞላም አሽጎ መጣል ይቻላል።