ኮማ ስለምትባለው ምልክት

ሰው ሲናገር በነገሩ መካከል ጥቂት ያርፋል። ሰሚውም በዚያች ዕረፍት የትኛው ቃል ከየትኛው ጋራ እንደሚሄድ ያስተውላል። ጽሕፈት ግን ድምፅ ስለሌለው ዕረፍቱን በምልክት ማሳየት አስፈለገ። ይህን ሥራ በአማርኛ ነጠላ ሰረዝ ትሠራለች፤ በእንግሊዝኛ ደግሞ ኮማ የምትባለው ምልክት ትሠራለች። ኮማ የሚለው ስም ከግሪክ ቋንቋ የመጣ ነው፤ ትርጓሜውም ተቈርጦ የተለየ ቍራጭ ማለት ነው። ዛሬ የምትታይበትን ባለ ጅራት መልክ በ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በቬኒስ ከተማ መጻሕፍት ያሳትም የነበረው አልዱስ ማኑቲዩስ አስለመደው።

አንድ ተማሪ «እናቲቱ ስታበስል ሕፃኑ ተኛ» የሚለውን ወደ እንግሊዝኛ እንዲመልስ ታዘዘ። እርሱም «ዋይል ዘ ማዘር ወዝ ኩኪንግ ዘ ቻይልድ ስሌፕት» ብሎ ጻፈ። ከቃላቱ አንድ ስንኳ አልተሳሳተም። ባልንጀራው ግን ሳያርፍ ቢያነበው «እናቲቱ ሕፃኑን ስታበስል» የሚል ሆኖ አገኘውና ደነገጠ፤ ተማሪዎቹም ሁሉ ሳቁ። ጸሐፊው ከ«ኩኪንግ» በኋላ አንዲት ኮማ አኑሮ ቢሆን ሕፃኑ ከድስቱ በዳነ ነበር።

ይህ ስለ ምን ሆነ? በአማርኛ ግሡ በመጨረሻ ይቆማል፤ በተደራጊውም ስም ላይ «ን» ትጨመራለች። ስለዚህ «ሕፃኑ» እና «ሕፃኑን» አይምታቱም። በእንግሊዝኛ ግን ግሡ ከተደራጊው ይቀድማል፤ «ዘ ቻይልድ» የሚለውም ቃል ባለቤት ቢሆን ወይም ተደራጊ ቢሆን መልኩ አይለወጥም። አንባቢው ከግሡ ቀጥሎ ያገኘውን ስም ተደራጊ ይመስለዋል። ኮማዋ ግን መግቢያው ማለቁንና ዋናው ነገር መጀመሩን ታመለክተዋለች።

ሥርዓቱም እንዲህ ነው። «የስ» ወይም «ኖ» የሚለው ቃል በመልስ መጀመሪያ ሲገባ ኮማ ይከተለዋል። «ዌን»፣ «ኢፍ»፣ «አፍተር» ወይም «ዋይል» ብሎ የሚጀምር፣ የራሱም ግሥ ያለው መግቢያ ከዋናው ነገር ሲቀድም በመጨረሻው ኮማ ይጻፋል። ያው መግቢያ ወደ ኋላ ተመልሶ «ዘ ቻይልድ ስሌፕት ዋይል ዘ ማዘር ወዝ ኩኪንግ» ቢባል ግን ኮማ አያስፈልግም፤ ድንበሩን «ዋይል» ራሱ ያሳያልና። እንደ «ቱዴይ» ያለ አጭር የጊዜ ቃል ሲቀድም ብዙ ጸሐፊዎች ኮማውን ይተዉታል፤ ይህም ነውር አይደለም። ባለቤትን ከግሡ ለይቶ «ዘ ቻይልድ፣ ስሌፕት» ብሎ መጻፍ ግን ስሕተት ነው። ጨው ሲጐድል ወጡ አይጥምም፤ ሲበዛም አይበላም፤ ኮማም እንዲሁ ነው።

ተናጋሪ ነገሩ ባይሰማለት ደግሞ ይናገራል። ደብዳቤ ግን ጸሐፊው በሌለበት ይነበባል፤ የተሳሳተውንም የሚያቃና በአጠገቡ የለም። ስለዚህ ብልህ ተማሪ ጽፎ በጨረሰ ጊዜ ወረቀቱን ቶሎ አያጥፍም፤ እንግዳ ሰው እንደሚያነበው አድርጎ ድምፁን አሰምቶ ያነበዋል። ድምፁ በሚያርፍበትም ስፍራ ምልክቱ መኖሩን ይመረምራል፤ ከዚያ በኋላ ይልከዋል።