የግቢ ልጆች

በአንድ የሥራ ተቋራጭ ድርጅት ውስጥ በሰው ሀብት ባለሙያነት እሠራለሁ። የምረቃ ወቅት ሲደርስ ስልኬ ላይ የሚገቡት መልእክቶች ይመሳሰላሉ፦ «ጤና ይስጥልኝ፣ እኔም የእርስዎ ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ነኝ። ሲቪዬን ልኬያለሁ፤ ሥራ ካለ ይተባበሩኝ።»

ላኪዎቹን አልወቅስም። አብዛኛውን ተማሪ ከትውልድ ወረዳው አንስቶ ጅማ ወይም ባሕር ዳር የሚመድበው ትምህርት ሚኒስቴር ነው። ተመርቆ አዲስ አበባ ሲገባ በየመሥሪያ ቤቱ ዘመድ የሌለው ብዙ ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ልጅ፣ ከግቢው ቀድሞት የወጣ ሲኒየር በሥራው ዓለም የሚያገኘው የመጀመሪያ ሰው ነው።

ይሁንና «ሥራ አስገባኝ» የተባለ ሲኒየር ያለው ምርጫ ማዳላት ወይም ዝም ማለት ነው፤ ሕሊና ያለው ሰው ደግሞ ዝም ይላል። «ኦፊስ ኢንጂነር ስትቀጥሩ በተግባር ፈተናው የምታዩት ምንድን ነው?» ብሎ ለሚጠይቅ ግን መልሱ አያስቸግርም፦ ከፕላን ላይ የሥራ መጠን ማውጣት (ቴክኦፍ)፣ የክፍያ ሰርተፍኬት ማዘጋጀት፣ ኤክሴልን በደንብ መጠቀም። ይህን የሰማ ልጅ ተለማምዶ ይመጣል። ያልሰማው ጥሩ ውጤት ይዞም ፈተናው ላይ ይደናገራል። በ2015 ዓ.ም. የመውጫ ፈተና ከተጀመረ ወዲህ አመልካቾች በወረቀት ይበልጥ ተቀራርበዋል፤ እኛ ዘንድ የሚለያቸው ሥራውን ማወቃቸው ነው።

እኛ ቀድመን የወጣነውም ድርሻ አለብን። ክፍት ቦታ ሲኖር ለአንድ ወዳጅ ሹክ ከማለት ይልቅ ማስታወቂያውን በዲፓርትመንቱ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለሁሉም እንለጥፍ። የምናውቀው ልጅ ከተወዳደረ ከፈታኞቹ መካከል እንውጣ። እንዲህ ሲሆን ትውውቃችን ማንንም አይበድልም፤ የተቀጠረውም ልጅ «በሰው ገባ» ተብሎ አይታማም።

ተማሪዎች፣ ትውውቁን ለተግባር ልምምድ ስትወጡ ጀምሩት። እዚያ የምታገኙትን የግቢያችሁን ሰው ስለ ሥራው ጠይቁት፤ የመከራችሁን ሞክሩና ምን እንደሆነላችሁ ደውላችሁ ንገሩት። ምክሩ ሥራ ላይ ሲውል ያየ ሰው ሁለተኛውን ጥያቄ በደስታ ይቀበላል፤ ስለ እናንተ ሲጠየቅም በሙሉ ልብ የሚመሰክረው ነገር ይኖረዋል። ሥራ ስትይዙ ደግሞ ከኋላችሁ የሚመጡት መጠየቃቸው አይቀርም። ሳታሳድሩ መልሱላቸው።