ቀለሙ ይቅደም፣ ሰሙ ይከተል



በልጅነታችን በቤታችን ግድግዳ ላይ አንድ የቆዳ የቁርኣን ማኅደር ተሰቅሎ ይኖር ነበር። አያታችን በወጣትነታቸው ደብረ ማርቆስ ላይ ያሠሩት ነው። ፊቱ ላይ በእጅ የተቀረጸ ሐረግ አለው፤ ማሰሪያው ጠፍር ነው፤ ቀለሙ ከዕድሜ ብዛት ወይቧል። አንድ የረመዳን መጨረሻ «ለዒድ ቤቱ ሁሉ ሲታደስ ይህስ ለምን ይቀራል?» አልንና ለበር ተገዝቶ የተረፈውን ቀይ የዘይት ቀለም ቀባነው። በላዩም ቨርኒሽ ደረብንበት። በዒዱ ዕለት አብረቀረቀ፤ እንግዳውም ሁሉ አደነቀልን። በጋው ሳያልቅ ግን ቀለሙ እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጠቀ። ክዳኑ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር እየተላጠ ረገፈ፤ የሐረጉም ግማሽ አብሮት ጠፋ።

አፍረን፣ ቆዳ ወደሚሠሩ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ይዘነው ሄድን። አገላብጠው አዩትና «ልጆቼ፣ ቀለም መቀባታችሁ ጥፋት አይደለም። ነገር ግን ቆዳ ይታጠፋል፤ የበር ቀለም ደግሞ መታጠፍ አያውቅም። ሁለቱን ያለ ፍላጎታቸው አጋባችኋቸው» አሉን። «አባባ፣ ታዲያ ይድናል?» ብለን ጠየቅናቸው። «የጠፋውን ሐረግ አልመልሰውም፤ የቀረውን ግን እናድነው» አሉና ወስፌያቸውን አስቀምጠው አጠገባቸው አስቀመጡን።

በዚህ ጽሑፋችን የምናካፍላችሁ ከዚያን ቀን ጀምሮ የተማርነውን ነው፤ በእጅ የተቀረጸ ቆዳ እንዴት ቀለም እንደሚቀባና ውሃ እንዳያስገባ እንዴት እንደሚታሸግ። ትምህርቱ ለቁርኣን ማኅደርም፣ ለአገልግልም፣ ቀስት መማር ለሚሻ ወጣት ለፍላጻ ሰገባና ለክንድ መከላከያም አንድ ነው።

ቆዳና ቀስት በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመን

የመካ ቁረይሾች ወደ ሐበሻ የተሰደዱትን ሙስሊሞች ለማስመለስ ሁለት መልእክተኞችን ሲልኩ ለነጃሺ የመረጡት ስጦታ ቆዳ ነበር። ይህን የተረኩልን ከስደተኞቹ አንዷ የነበሩት እናታችን ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ.) ናቸው፤ ኢብን ኢስሐቅም በሲራው አስፍሮታል። ከመካ ከሚመጣው ዕቃ ሁሉ ነጃሺ ይበልጥ የሚወዱት ቆዳውን እንደ ነበር ቁረይሾች ያውቁ ነበር። ስጦታው ግን ፍርድ አልገዛም። ነጃሺ ስጦታውን መልሰው ስደተኞቹን በሰላም አኖሩ።

በሌላ ጊዜ ደግሞ በመዲና፣ በዒድ ቀን፣ ሐበሾች በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መስጊድ በጦርና በጋሻ ሲጫወቱ፣ እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ከነቢዩ ኋላ ሆነው እስኪጠግቡ ድረስ እንደ ተመለከቱ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። በዘገባው ውስጥ ጋሻው የተጠራበት የዐረብኛ ቃል የሚያመለክተው የቆዳ ጋሻን ነው። እንግዲህ የሐበሻ ሰውና የቆዳ ሥራ በሐዲስ መጻሕፍት ውስጥ ሳይቀር አብረው ተነስተዋል ማለት ነው።

የቀስትም ነገር እንዲሁ ነው። በሱረቱል አንፋል 60ኛ አንቀጽ ላይ የተጠቀሰውን የኃይል ዝግጅት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሲያብራሩ፣ ኃይል ማለት መወርወር መሆኑን ደጋግመው እንደ ተናገሩ ዑቅባ ኢብን ዓሚር (ረ.ዐ.) አስተላልፈዋል። እኚህ ሶሐባ አርጅተውም እንኳ በሁለት ዒላማዎች መካከል እየተመላለሱ ይለማመዱ ነበር። «በዚህ ዕድሜዎ ለምን ይደክማሉ?» ተብለው ሲጠየቁም፣ መወርወርን ተምሮ የተወ ሰው እንደሚወቀስ ከነቢዩ መስማታቸውን ተናገሩ። ይህን ነገር ልብ በሉልን፤ ወደ መጨረሻው እንመለስበታለን።

በጎጃም ምድር

የጎጃም ደገኛ የጦር ዕቃው ጦር፣ ጎራዴና የቆዳ ጋሻ ነበር። ቀስት የሚታወቀው በቆላው፣ በጉሙዝ ወገኖቻችን ዘንድ ነው። ቀድሞ በጎጃም ሥር የነበረውና ዛሬ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል የሚገኘው መተከል የቀስት አገር ነው። በጣና ሐይቅ ዳር የሚኖሩት ሙስሊም ወይጦዎችም ቀድሞ ጉማሬ አዳኞች ነበሩ፤ የጉማሬው ወፍራም ቆዳ ለአለንጋና ለጋሻ ይውል ነበር። ደጋው ደግሞ አገልግሉን፣ ስልቻውን፣ አቆማዳውን፣ ኮርቻውን፣ የጎራዴ አፎቱን ሁሉ ከቆዳ ይሠራ ነበር።

ሙስሊሙ በእጅ ሥራና በንግድ መኖሩ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። በደጋው አገር ሙስሊሞች ለብዙ ዘመን ርስት አልነበራቸውም። የገጠር መሬት የሕዝብ የሆነው በየካቲት 1967 ዓ.ም. አዋጅ ነው። ከዚያ በፊት መሬት የሌለው ሰው የሚተማመነው በእጁና በእግሩ ነበር። በእጁ ሸማ ሠራ፣ ልብስ ሰፋ፣ ቆዳ አለፋ፤ በእግሩ ደግሞ ገበያ ለገበያ ዞረ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በየጁቤ አካባቢ የነበረው የባሶ ገበያ ከአባይ ማዶ የሚመጣው ቡናና የዝሆን ጥርስ የሚሸጥበት፣ የሙስሊም ነጋዴዎችም መናኸሪያ ነበር። እንግሊዛዊው ተጓዥ ቻርልስ ቤክ በ1840ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ አይቶ ጽፎለታል።

ይሁንና ባለ እጁ፣ ሙስሊምም ሆነ ክርስቲያን፣ ይሰደብ ነበር። ቆዳ የሚሠራው «ፋቂ» ይባላል፤ ልጁን ለመዳርም ይቸገራል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጆችን መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸው ስድቡ ምን ያህል እንደ ተስፋፋ ያሳያል። አዋጁ ወጣ፤ ስድቡ ግን ከአዋጁ በኋላም ቆየ። ስንቱ አባት ሙያውን ለልጁ ሳያስተምር የሞተው ከዚህ የተነሳ ነው።

በእኛ ሃይማኖት ግን ይህ ሙያ የሚያሳፍር አይደለም። የነቢዩ ባለቤት እናታችን ዘይነብ ቢንት ጀሕሽ (ረ.ዐ.) በገዛ እጃቸው ቆዳ ያለፉና ይሰፉ ነበር፤ ያገኙትንም ይሰድቁት ነበር። የእናታችን መይሙና (ረ.ዐ.) አገልጋይ በግ ሞታ ስትጣልም፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የተከለከለው መብሏ እንደሆነ፣ ቆዳዋን ግን አልፍተው ሊጠቀሙበት ይገባ እንደ ነበር አስተምረዋል። ቆዳ ማልፋት የሚያነጻ ሥራ ነው።

ከቁርበት እስከ ሐረግ

ሽማግሌው መጀመሪያ ያስተማሩን ቆዳ መምረጥን ነው። በፋብሪካ በክሮም የለፋ ቆዳ ለስላሳ ነው፤ ነገር ግን የተጫኑበትን ቅርጽ አይዝም። ለቅርጽ የሚሆነው በዕፅዋት የለፋው ነው። በአገራችን ለዚህ ከሚያገለግሉት አንዱ ቀንጠፋ የተባለው እሾሃም ቁጥቋጦ ነው፤ ለቆዳውም ቀይ ቀለም ይሰጠዋል።

ቆዳውን ውሃ ውስጥ መንከር አያስፈልግም። ፊቱን በእርጥብ ጨርቅ ማራስ፣ ከዚያ የራሰው ቦታ ወደ ቀድሞ መልኩ መመለስ እስኪጀምር መጠበቅ ይበቃል። በጣም እርጥብ ከሆነ ቅርጹ ይሟሟል፤ በጣም ከደረቀ አይቀበልም። በዚያች ሰዓት ጫፉ በደነዘዘ አጥንት ወይም ብረት ሐረጉን ይጫኑታል። የሚቀረጸው ሐረግ፣ ቅጠል፣ መስመርና ኮከብ ነው፤ የሕያው ፍጡር ምስል አይደለም። የአላህን ስም ወይም የቁርኣን አንቀጽ በሰገባና በመታጠቂያ ላይ መጻፍም አይገባም፤ መሬት ላይ ይጣላልና፣ መጸዳጃ ቤትም ይገባልና። ከዚያ አንድ ቀን ሙሉ በጥላ ይደርቃል። በፀሐይና በእሳት ዳር የደረቀ ቆዳ ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃልም።

ቀለሙ

ቀለም ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ወደ ቆዳው ውስጥ የሚሰርግ ነው፤ ሌላው ላዩ ላይ የሚቀመጥ። ሰፊውን ቦታ በሚሰርገው፣ ሐረጉን ብቻ በላይኛው ቀለም መቀባት ይሻላል። ጥቁር ለሚፈልግ ቀላል ዘዴ አለ። የብረት ቁርጥራጭ በኮምጣጤ ውስጥ ለቀናት ይዘፈዘፋል፤ ውሃው በዕፅዋት በለፋ ቆዳ ላይ ሲቀባ ከቆዳው ጋር ተዋሕዶ ያጠቁረዋል።

ለሐረጉ የሚሆነው መታጠፍ የሚችል ቀለም ነው። ዛሬ አክሪሊክ የሚባለው በውሃ የሚቀጥነው ቀለም ለዚህ ይስማማል። በቀጭን ብሩሽ፣ በስሱ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ይቀባል፤ በየመካከሉም እስኪደርቅ ይጠበቃል። አንድ ጊዜ በወፍራሙ የተቀባ ቀለም እንደኛ ማኅደር ይረግፋል።

ቀለሙ ሲደርቅ በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ማሸት ግዴታ ነው። ጨርቁ ቀለም ይዞ እስከ ወጣ ድረስ ሥራው አላለቀም። ይህን ያልጠበቀ ሰው የሰገባው ማንገቻ ነጭ ጀለቢያውን በጁምዓ ቀን ቀይ ሲያደርግበት ይማራል።

ሰሙ

ማሸጊያ የሚመጣው ከቀለም በኋላ ነው። ሰም የነካው ቆዳ ቀለም አይቀበልም፤ ስለዚህ ቅደም ተከተሉን የገለበጠ ሁሉንም አበላሸ። ጎጃም የማር አገር እንደመሆኑ ሰም ከገበያው አይጠፋም። አንድ እጅ ንጹሕ ሰም ከሁለት እጅ የጉሎ ዘይት ጋር ይቀልጣል። ሰም በ60ዎቹ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚቀልጥ ብረት ድስቱን ፍሙ ላይ ማስቀመጥ አያስፈልግም። ሌላ ድስት ውሃ አሙቆ በውስጡ ማስቀመጥ ይበቃል፤ ይህም ቤትን ከእሳት አደጋ ይጠብቃል።

ድብልቁ ሲቀዘቅዝ እንደ ለጋ ቅቤ ይሆናል። በጨርቅ ጥቂት ጥቂቱን እየወሰዱ በስሱ ማሸት፣ አንድ ሌሊት ማሳደር፣ ጠዋት መወልወል ነው። የቆዳው ጠርዝና የወስፌው ቀዳዳዎች ከሁሉ በላይ ሰም ይፈልጋሉ፤ ውሃ ሾልኮ የሚገባው በእነርሱ ነውና። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ክረምቷ ብርቱ ነው። ከሰኔ በፊት አንድ ጊዜ፣ ከመስከረም በኋላ አንድ ጊዜ ማሸት ዕቃውን ያቆየዋል። በፌስታል ጠቅልሎ ማስቀመጥ ግን ያሻግተዋል።

ለቀስተኛ ይህ ጌጥ ብቻ አይደለም። የጥንት ቱርኮች ቀስት ከእንጨት፣ ከቀንድና ከጅማት በእንስሳት ሙጫ ተጣብቆ የሚሠራ ነበር። እርጥበት ያንን ሙጫ ስለሚፈታው ቀስቱን በስስ ቆዳ ወይም በዛፍ ልጥ ሸፍነው፣ ቀለም ቀብተው፣ በላዩ ማሸጊያ ይቀቡት ነበር። ያማረው ቀለም ቀስቱንም ይጠብቅ ነበር ማለት ነው። የቱርኮች ባህላዊ የቀስት ሙያ በ2019 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል።

መማር ለሚሻ ወጣት ምክራችን ከሰገባ እንዳይጀምር ነው። በክንድ መከላከያ ይጀምር። አንድ ስንዝር ተኩል ቆዳና አራት ጠፍር ይበቃዋል፤ ቢበላሽም ጉዳቱ ትንሽ ነው። ጅማቱ ሲለቀቅ ክንዱን እንዳይገርፈው ይጠብቀዋል፤ የሥራውንም ሁሉ ደረጃ አንድ በአንድ ያስተምረዋል።

የተማሩትን መተው

ያ ማኅደር ዛሬም አለን። ሽማግሌው የረገፈውን ቀለም በደነዘዘ አጥንት በትዕግሥት ፍቀው፣ የደረቀውን ቆዳ በዘይት አለስልሰው፣ በሰም አሽተው መለሱልን። የሐረጉ ግማሽ ግን የለም፤ በእኛ ችኮላ የጠፋ ነውና ስናየው እንማርበታለን። ስንሰናበታቸው «ልጆቼ፣ ማኅደሩስ ዳነ። ይህን ሥራ ከእኔ በኋላ ማን ይሠራዋል?» አሉን። «ልጆችዎስ?» ብንላቸው ፈገግ ብለው ዝም አሉ። ልጆቻቸው በስድቡ ምክንያት ሙያውን ጥለው እንደ ሄዱ የሰማነው ከጎረቤት ነው።

ዑቅባ ኢብን ዓሚር (ረ.ዐ.) በእርጅናቸው የፈሩት የተማሩትን መተው ነበር። እኛ ግን በወጣትነታችን ትተናል። ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ወስፌና ጠፍር ቢያነሳ አትቆጡት። ወጣቶች ሆይ፣ በሠፈራችሁ ቆዳ የሚሠሩ አዛውንት ካሉ ዛሬውኑ ሂዱና አጠገባቸው ተቀመጡ። ዕቃ ለማሠራት ብቻ አትሂዱ፤ እጃቸውን ለማየትም ሂዱ። በክብር ስም ጥሯቸው፤ የድካማቸውንም ዋጋ ሳትከራከሩ ክፈሉ።

አላህ (ሱ.ወ.) የእጆቻችንን ሥራ ይባርክልን፤ ከእርሱም ሐላል ሲሳይ ይስጠን። አሚን።