ወሎን ለመጎብኘት የገበያ ቀን ይቅደም

ጥቂት ቀናት ብቻ ይዞ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ወሎ የሚነሳ ጎብኚ ሁሉንም ልይ ካለ ቀኑ መኪና ውስጥ ያልቃል። የሚያዋጣው ጉዞውን በገበያ ቀን መቁረጥ ነው። የባቲ ገበያ ሰኞ፣ የላሊበላ ቅዳሜ ይውላል። ባቲ ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚያስገባ ሰኞ ካልተደረሰበት ቢተው ይሻላል። ከደሴ ወልድያ ባለው 120 ኪሎ ሜትር ላይ የሚገኙት ሐይቅና የሀብሩዋ መርሳ ግን ነዳጅ ብዙም አይጨምሩም። በ2015 ዓ.ም. በክልሉ ከተቀሰቀሰው ግጭት ወዲህ የመንገዱን ደኅንነት አስቀድሞ ማጣራት የግድ ነው። መርሳ ላይ ፍራፍሬ ገዝቶ ወልድያ የሚያድር እንግዳ ለሁለቱም ከተሞች ገቢ ነው፤ በአውሮፕላን ላሊበላ የሚወርደው ሳንቲምም አይጥልላቸውም።